የጥብስ ቅጠሉ ቦታ

ቃሪያ የሚለውን ስም ያወጡላት ቤተሰቦቿ ናቸው። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የነካትን ሁሉ ታቃጥል ነበር አሉ። አድጋ፣ ተድራ፣ ካሜራ አንግታ የሰው ግቢና የሰው አበባ ፎቶ የምታነሳ ባለሙያ ከሆነች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም፤ የምትሠራለት መጽሔት አዘጋጅ እንኳን ስልኳን የመዘገበችው በዚሁ ስም ነው። ይህችው ቃሪያ በዚያን ቀን ጠዋት፣ ጉድ በሉ፣ እያንጎራጎረች ነበር የመጣችው። የባዕድ ግቢ ስታሳምር ኖራ ዛሬ ተራው የእናቷ ሆነ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። መጽሔቱ በየወሩ አንድ የሚያምር ግቢ ይመርጣል፣ እሷ ሄዳ ታነሳለች። ግን ግቢ እንዲሁ እንደቆመ ፎቶ አይነሳም። የደረቀው ቅጠል ይለቀማል። ባዶ ቦታ ካለ፣ በፕላስቲክ የተተከለ አበባ ከነፕላስቲኩ አፈር ውስጥ ይቀበርና እዚያው የበቀለ ይመስላል። ረጅሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት ይሆናል። ወደ ሌንሱ የሚንዘላዘል ቅርንጫፍ በሲባጎ ወደ ኋላ ይታሰራል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይረጭና አንባቢው ጤዛ ነው ይላል። የውሃ ጎማ ደግሞ ከነጭራሹ ከዓለም ይጠፋል፤ መጽሔት ላይ ያለን ግቢ ማን እንደሚያጠጣው ፈጣሪ ይወቅ። ቃሪያ ይህን ማታለል ነው ብላ አስባው አታውቅም። ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ፀጉሩን ያበጥር የለም ወይ ትላለች።

እናቷ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ አሁን የቀራት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነው። ቢሆንም ከወጥ ቤቱ በር ተነስታ፣ መሃል ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ወርዳ፣ ሎሚው ሥር እስካለው አግዳሚ ወንበር ድረስ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች። የምትሄደው በጠረን ነው። በመንገዱ ዳር የተከለቻቸው ናናው፣ ጠጅ ሳሩ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ በሶብላው ቀሚሷ ሲነካቸው ያውዳሉ፣ እሷም የት እንደደረሰች ታውቃለች። መንገዱን ዘግተው ተንዘርፍጠዋልና ይከርከሙ ሲሏት፣ "እንዲነኩኝ ብዬ ነው የተውኳቸው፣ እናንተ ምናችሁን ነኩ?" ትላለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ሁሉ ሰው ያደርግላታል። ወንበሯ ጋ መሄድ ብቻ የራሷ ነው።

ታላቅ ልጇ፣ ቃሪያ "ጋሼ" የምትለው፣ ባለፈው ክረምት እናቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራቷት ስትወድቅ ደርሶ ያነሳት እሱ ነው። ያኔ፣ "እማዬ፣ ሁለተኛ ከወደቅሽ እኔ ቤት ትገቢያለሽ" አላት። እሱ ቤት ማለት አምስተኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳው ላይ የልብስ ገመድና ባዶ የውሃ ጀሪካን ካልሆነ በቀር የቆመ ነገር የለም። እናትየዋ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "እሺ፣ ሁለተኛ ከወደቅኩ" ብላ ቃል ሰጠች። ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ከዚያ ወዲህ መውደቅ ማለት ለእሷ አጥንት መስበር ሳይሆን ቤት ማጣት ሆነ።

ጋሼ ሱቅ አለው። የግቢ ንጣፍ ድንጋይ፣ ጠጠርና የፕላስቲክ ሣር ይሸጣል። ከጥቂት ቀናት በፊት ደወለና፣ "የእማዬ ቤት ቀለም ሊቀባ ነው፣ ሽታው ይጎዳታል፣ አንቺ ጋ ትቆይ። ደሞ ለአዘጋጇ ነግሬያታለሁ፣ የዚህ ወር ግቢ የእማዬ ነው" አላት። ቃሪያ ደስ አላት። ለካስ ጋሼም ልብ አለው አለች። እናቷን ወሰደች፣ አስተኛች፣ አበላች። ፎቶው በሚነሳበት ቀን ደግሞ ባሏ ከምሳ በኋላ እናቷን በመኪና ይዞ እንዲመጣና ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እንድትነሳ ተስማሙ።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። አጥሩ ሥር የጠገቡ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፤ ከአንደኛው አፍ የተክል ሥር የሚመስል ነገር ወደ ላይ ቆሟል። የቀለም ቀቢዎቹ ቆሻሻ ይሆናል ብላ አለፈችው። ግን እግሯ ቀጥ አለ። የናናው ጠረን የመጣው ከግቢው ሳይሆን ከማዳበሪያው ነበር።

ገባች። ግቢው ነጭ ነው።

ከወጥ ቤቱ በር እስከ ሎሚው ድረስ ነጭ ጠጠር ፈስሷል። ግራና ቀኙ የፕላስቲክ ሣር ነው፣ እላዩ ላይ ጥቁር ክብ ድንጋዮች በእኩል በእኩል ተቀምጠዋል። በየጥጉ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ገንዳው ውስጥ ቅጠሉ እንደ ጩቤ የሾለ፣ ጠረን የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ተክል ቆሟል። አግዳሚው ወንበር የለም፣ በእሱ ፈንታ ሁለት ነጭ የብረት ወንበሮች አሉ። ሎሚው ዙሪያውን ተከርክሞ አዲስ ምልምል ወታደር መስሏል። ደረጃዋ እንደነበረች አለች፤ ከላይም ጠጠር፣ ከታችም ጠጠር ስለሆነ ግን ዓይን ላለውም አትታይም።

ጋሼ መሃል ላይ ቆሞ እጁን እንደ ዘረጋ ይጠብቃታል። አጠገቡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ዲዛይነር ሜትሩን እየሳበ ይለቅቃል።

"እህስ?" አለ ጋሼ። "እንዴት ነው?"

"የእማዬ አትክልት የት ሄደ?"

"የቱ አትክልት? ያ ቁጥቋጦ? ጸዳ በይ እንጂ።"

ቃሪያ ደሟ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ሲወጣ ይሰማታል። ከሁሉ ያንገበገባት ግን የገዛ ዓይኗ ነው። ዓይኗ ከዳት። የጠዋቱ ፀሐይ ጠጠሩ ላይ አርፎ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እያበራው ነበር፤ ካሜራዋን እዚያች ጥግ ብታቆመው ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚወጣ ሳትፈልግ አየችው። ቆንጆ ነበር። ይህን በማየቷ ራሷን በጥፊ ማጮል አማራት።

ዲዛይነሩ ዝምታዋን አድናቆት አደረገው። "ነጭ ጠጠር ለፎቶ ግሩም ነው" አላት። "ብርሃን ይመልሳል። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ያውቁታል።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አለችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ቀለም ይቀባል አላልከኝም?"

"ላስደንቃችሁ ብዬ ነው።"

"አስደነቅከኝ። እኔን ሞግዚት አድርገህ እናቴን ከቤቷ አስወጥተህ ግቢዋን ነቀልከው። እማዬ በምን ልትሄድ ነው? ንገረኝ። በምን?"

"በእግሯ ነዋ። ያ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ከምትወድቅ ይሻላል ብዬ፣ ለእሷ ስል እኮ ነው።"

ጥጉ ላይ፣ ከሲሚንቶው ገንዳ ፊት ለፊት፣ የጋሼ ሱቅ ስምና ስልክ የተጻፈባት ትንሽ ታፔላ ተተክላለች። ቃሪያ በጣቷ አሳየችው። "ይቺስ ለእማዬ ናት? እሷ ልታነባት ነው?"

ጋሼ ጆሮ ግንዱን አከከ። "ሥራ ሥራ ነው። አንድ ድንጋይ በሁለት ወፍ ምን ክፋት አለው?" ሲናደድ ተረት ይገለብጣል፣ ልማዱ ነው። "መጽሔቱ ገጹን ይዞልናል። አሁን አንሺና በኋላ ስደቢኝ።"

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይሉ የለ? የቃሪያ ልብ ደረቀ። "ይህን ግቢ አላነሳም" አለች። "አዘጋጇ ከፈለገች ገጹን በጠጠርህ ትሙላው። እማዬ የምትሄደው በጠረን ነው። አንተ ደግሞ ያንን መደገፊያዋን ነቅለህ በማዳበሪያ አሠርከው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ሣሩም እኮ ፕላስቲክ ነው።"

ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። እናቴን አቆይልኝ ልትለው ነበር። "በምን አባቴ ላቆያት?" አለ ባሏ። "ከማለዳ ጀምሮ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማለች። ወንበሬ ናፈቀኝ ትላለች።" ቃሪያ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ወረወረችና ካሜራዋን ከትከሻዋ አውርዳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ስትመለስ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ ነበር።

ዲዛይነሩ ቢላዋውን ሲያይ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ። እሷ ግን እሱን አልፋ መሬት ላይ ተንበረከከች፣ ሣሩን ከጠርዙ ገነጠለች፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ጥቁር ፕላስቲክ በረጅሙ ቀደደችው። ከሥሩ የእናቷ አፈር ወጣ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ገና ያልሞተ።

"እመቤት፣ ይህ እኮ ዋስትና ያለው ሥራ ነው" አለ ዲዛይነሩ።

"ዋስትናህን ይዘህ ውጣ።"

ሰውየው ጋሼን አየ፣ ጋሼ ጠጠሩን አየ። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፣ ሜትሩን ኪሱ ከተተና የተረፈውን የሣር ጥቅል በክንዱ ይዞ ወጣ። የግቢውን በር በኃይል ዘጋው።

ቃሪያ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች አስገባች። ናናው ጠውልጎ ነበር፣ ሥሩ ግን ደህና ነው። ጠጅ ሳሩ ከነአፈሩ ተነቅሏል። በሶብላው ግማሹ ተሰብሯል። የጥብስ ቅጠሉ ማዳበሪያ ውስጥ አልገባ ብሎ ለብቻው ተጋድሟል፤ ቁመቱ ደረቷ ድረስ የሚመጣ፣ ግንዱ እንደ ክንድ የወፈረ አሮጌ ነገር ነው። ልታነሳው ሞከረች፣ አልነቃነቅ አላት። እንደገና ሞከረች፣ ወገቧን አመማት፣ ተሳደበች። ጋሼ ሰዓቱን ፈቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ሌላውን ጫፍ ያዘ።

"አልጠየቅኩህም" አለችው።

"እኔም አልታዘዝኩሽም። አንሺ።"

እየተሸከሙ ተጣሉ፣ እየቆፈሩ ተጣሉ። ጋሼ ላቡ ሸሚዙን አጣብቆት፣ "አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?" አላት። "ካሜራ አንግተሽ ትመጫለሽ፣ አበባዋን ታነሺና ትሄጃለሽ። ዶክተር ጋ የምወስዳት እኔ። ሌሊት ስትደውል የምነሳ እኔ። ስትወድቅ ምን እንደሚመስል ያየሁት እኔ ነኝ። አንቺ ይህን ግቢ የምታውቂው በፎቶ ነው።"

እውነት ነበረበት፣ ስለዚህ የበለጠ አቃጠላት። "ቢያንስ እኔ አይቼዋለሁ!" ብላ ጮኸችበት። "ከአንተ በላይ ይህን ግቢ አይቼዋለሁ። በየክረምቱ፣ በየበጋው አንስቼዋለሁ። አንተ ጭቃ ብቻ ነው የሚታይህ። የት ምን እንደነበረ ጥራ ብትባል አንዱን አትጠራም።"

ጋሼ አካፋውን አፈር ውስጥ ተከለና፣ "እሺ አንቺ ንገሪኝ፣ የቱ የት ይግባ?" አላት።

ቃሪያ ነገረችው። ሳታመነታ ነው የነገረችው። ቆማ ወደ ኋላ ራቅ አለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ በሁለት እጆቿ ጣቶች አራት ማዕዘን ሠርታ በዚያ ውስጥ ተመለከተች። ጠጅ ሳሩ እዚህ ጥግ፣ እንደ ምንጭ ይፈስሳል። በሶብላው በሁለቱም ጎን ተከፋፍሎ ከፊት። ናናው ከሥር ከሥር። ያ ትልቁ የጥብስ ቅጠል ከፊት ቆሞ ሁሉን ያፍናል፤ ወደዚያ፣ ከግድግዳው ጋር፣ ፀሐዩ ያገኘዋል። ጋሼ እየተነፈሰ እንዳለችው አደረገ። አፈሩን ረገጡ፣ ውሃ አጠጡ። አግዳሚውን ወንበር ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አግኝተው ወደ ቦታው መለሱት፣ የብረቶቹን ወንበሮች አወጡ። የመንገዱን ጠጠር ለማንሳት ጊዜ አልነበረም። ሲጨርሱ ቃሪያ ዳግመኛ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ተመለሰ። እንዲያውም ከድሮው ያምር ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ነገር በዚያ ሰዓት ትዝ የሚላት ሴት አልነበረችም።

የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ባሏ እናትየዋን እስከ በሩ ደግፎ አስገባትና መኪናውን ሊያዞር ተመለሰ። እናትየዋ በቤቱ ውስጥ አልፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አንዲት ቀጭን ሴት ናት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየሩን ሳበች።

"ቀለሙ አይሸትም" አለች።

"ደርቋል እማዬ" አለ ጋሼ። ቃሪያ በክርኗ ወጋችው።

"ቆይ፣ እጅሽን ልያዝሽ" አለች ቃሪያ።

"ለምን? ቤቴ አይደለም እንዴ?" ወጣች። ጫማዋ ጠጠሩን ሲረግጥ ቆም አለች። "ይህ ምንድነው የምረግጠው?"

"ጠጠር ነው፣ ጭቃ እንዳይነካሽ።"

"እ" አለች። ያቺ "እ" ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የምታስፈራ "እ" ነበረች። ግን ጠረኑ መጣላትና ፊቷ ፈታ አለ። እጇን ዝቅ አድርጋ ቅጠሎቹን እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ናና አገኘች። በሶብላ አገኘችና ግንባሯን ቋጠር አደረገች፤ በሶብላ እዚህ ምን ይሠራል እንደ ማለት። ቢሆንም ቀጠለች። በቀኝ እጇ አንድ ነገር እየፈለገች፣ አየሩን እየዳበሰች ትሄዳለች። የምትፈልገው ገና አልመጣም። አልመጣምና አንድ እርምጃ ጨመረች፣ ደግሞ አንድ። ሦስተኛው እግሯ መሬት አላገኘም።

በጉልበቷና በመዳፎቿ ወደቀች። ብዙ ድምፅ አላሰማም፤ ጠጠሩ ብቻ ፈሰሰ።

ጋሼ ቀድሞ ደረሰ። ብብቷን ይዞ አስነስቶ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት፣ ጉልበቷን ነካካ። አጥንት አልተሰበረም፣ መዳፏ ግን ተልጦ ደም ወጥቷል። ቃሪያ ከላይ ቆማ ትጮሃለች። "ይኸው! ጠጠርህ ነው! ገደልካት! ደረጃዋን በጠጠር ቀብረህ ገደልካት!" ትላለች። ጋሼም ይመልሳል፦ "አበቃ፣ ዛሬውኑ እኔ ቤት ትገባለች፣ ቃል ሰጥታለች፣ አንቺም ሰምተሻል።" "አምስተኛ ፎቅ ላይ ወስደህ ልትቀብራት!" "ከዚህስ አይሻልም?"

"ዝም በሉ" አለች እናትየዋ።

ቀኝ እጇ አሁንም አየሩን ይዳብሳል።

"የጥብስ ቅጠሌ የት አለ?"

ሁለቱም ዞረው አዩት። ከግድግዳው ጋር ቆሞ፣ ፀሐይ አግኝቶት፣ ታጥቦ ያበራል።

"እዚያ ነው እማዬ፣ ግድግዳው ጋ" አለ ጋሼ።

"ግድግዳው ጋ ምን ይሠራል? ደረጃዋ አፋፍ ላይ ነበር እኮ። እጄ እሱን ሲነካ ነው እግሬን የማወርደው። እሱ ካልመጣ ደረጃዋ አልደረሰችም። ስንት ዘመኔ ነው እንዲህ ስሄድ።" ደም ያለበትን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ማነው እዚያ የወሰደው?"

ጋሼ እህቱን አየ። ሊናገር ይችል ነበር፤ ጠዋት የዘነበበትን ስድብ ሁሉ በአንድ ቃል መመለስ ይችል ነበር። አልተናገረም። ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ቃሪያ ይህን ዝምታውን ከስድቡ ሁሉ በላይ ጠላችው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ለምን?"

"ረጅም ነው እማዬ። ከፊት ሲሆን የኋላውን ይጋርዳል።"

"ከማን ነው የሚጋርደው?"

የቃሪያ ዓይን ካሜራዋ ወዳለበት ወጥ ቤት ሄደ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ፊቷ ነደደ፣ ጆሮዋ ነደደ። "ቆይ" አለች፣ "ቆይ እማዬ፣ እመልሰዋለሁ፣ ሁሉም ፎቶ አለኝ፣ አንድ በአንድ እንደነበረው እመልሰዋለሁ።" ሮጣ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ከፍታ የድሮዎቹን ፎቶዎች ታገላብጥ ጀመር። ብዙ ነበሩ። ክረምቱ አለ፣ በጋው አለ፣ ሎሚው ሲያብብ አለ። በአንዱ የጥብስ ቅጠሉ የለም፤ በሲባጎ ወደ ኋላ እንዳሰረችው ትዝ አላት። በሌላው ናናው የለም፣ አንስታው በገበያ አበባ ተክታው ነበር። በሌላው በሶብላው ከሁለቱም ወገን እኩል ነው፣ ያንን ያደረገችው እሷ ናት። በየቅጠሉ ላይ ጤዛ አለ፣ ጤዛውንም የረጨችው እሷ ናት። እናቷ የምትሄድበት መንገድ ግን አንዱም ፎቶ ላይ አልነበረም። የጠዋቱ ንዴት ሁሉ መሄጃ አጥቶ ወደ እሷው ዞረ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልትፈጠፍጠው እጇን አነሳች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ስልኩ ምን አደረገ።

ስትወጣ ጋሼ እናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ መዳፏን በመሀረቡ እያሰረ ነበር። "ቃልሽን አስታውሺ" ይላታል፣ ድምፁ ለስልሷል። "ሁለተኛ ከወደቅኩ ብለሻል።"

"ብያለሁ" አለች እናትየዋ። "ከወደቅኩ ነው ያልኩት። ዛሬ አልወደቅኩም፣ እናንተ ናችሁ የጣላችሁኝ። አንተ ያለ እኔ ፈቃድ ነቀልክ፣ እሷ ያለ እኔ ፈቃድ ተከለች። አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ አፌ አለ።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻላቸው ነበር። "ለምን ነገርኩሽ ቃሪያ፣ እንዲነኩኝ ነው የተውኳቸው ስልሽ? ለጨዋታ መሰለሽ?"

"ይቅርታ እማዬ።"

"ይቅርታሽን አስቀምጪው። ነይ ወዲህ።"

ቃሪያ ሄደች። እናቷ የእጅ አንጓዋን ይዛ ተነሳች። ይህን ያህል ጉልበት ያላት አይመስልም ነበር፣ ጣቶቿ እንደ መቆንጠጫ ጨመቋት። በመጣችበት መንገድ፣ ደረጃዋን በእግሯ ፈልጋ ወጥታ፣ ልጇን እየጎተተች እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ወሰደቻት።

"ጫማሽን አውልቂ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ዞር በይ፣ አሁንም ዞር በይ። በይ ወንበሬ ጋ ሂጂ።"

"እማዬ—"

"ሂጂ።"

ቃሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ስትቦርቅ ያደገችበት ግቢ ነው፤ በዚህች ደረጃ ላይ በልጅነቷ ስትዘል ውላለች። ጠጠሩ እግሯን ወጋት። እጇን ዘረጋች፣ በሶብላ ነካች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሶብላ ነካች። ሁሉም ቦታ በሶብላ ነው፣ እሷው ናት እኩል ያደረገችው። የት እንደደረሰች አላወቀችም። ደረጃዋ አሁን ነው ብላ በአውራ ጣቷ ፈተሸች፤ ጠጠር ነው። እንደገና ፈተሸች፣ ጠጠር ነው። አሁንስ አልፌዋለሁ ብላ እግሯን ለቀቅ አደረገችና መሬት ከሥሯ ጠፋ።

እናቷ አጠገቧ ነበረች፣ ትንፋሿ ይሰማል። እጇን አልዘረጋችም። ቃሪያ በጉልበቷ ወደቀች፣ መዳፏ ጠጠሩ ላይ ተላጠ። ጋሼ ሊያነሳት ተነሳ፣ እናቱ ኮቴውን ሰምታ በእጇ ምልክት አስቀመጠችው።

ቃሪያ እዚያው ተንበርክካ ቆየች። እንባዋ መጣ፣ ከሕመም ይሁን ከንዴት አልለየችውም። ዓይኗን ገና አልከፈተችም ነበር።

"የት ላይ ነው የወደቅሽው?" አለች እናቷ።

"እዚህ።" በእጇ መሬቱን መታች። "እዚህ እማዬ።"

"እንግዲያው እዚያ ትከይው" አለች እናቷ። "አንተም ተነስ፣ አካፋውን አቀብላት።"